ከግሉተን ነፃ ግሬቪ ለበዓል ገበታ፦ ከኦቨን ትሪው እስከ ጭልፋው

የመጀመሪያው ከግሉተን ነፃ ግሬቪዬ (የጥብስ ስጋ ሶስ) ሲያዩት ያስጎመጅ ነበር። ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አንድ ጓጓላ የሌለው። በስንዴ ዱቄት ፈንታ በበቆሎ ስታርች ነበር ያወፈርኩት፤ ኩራቴም ሌላ ነበር። ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለባት፣ ስንዴ ውስጥ ያለውን ግሉተን መብላት የማትችል ዘመዴ ማንኪያ ከማንሳቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ዶሮው ሆድ ውስጥ ምን ጠቅጥቀሽበት ነበር?»

ዳቦ ነበር። በቅቤና በሽንኩርት የታሸ ዳቦ። ግሬቪው ደግሞ የተሠራው ከዚያው ዶሮ በፈሰሰው ጭማቂ ነው። ዘመዴ የዚያን ቀን ድንችና ሰላጣ በልታ ሄደች። እኔ ሳፍር ዋልኩ።

ግሬቪ ማለት የተጠበሰ ስጋ ትሪው ላይ የሚተወው ጭማቂ በመረቅ ረዝሞና ወፍሮ መልሶ ስጋው ላይ የሚፈስ ሶስ ነው። ማወፈሩ ቀላል ነው፤ ስንዴን የሚተካ ሞልቷል። ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በፊት ድስት ውስጥ በሚገባው ፈሳሽና ከዚያ በኋላ በሚነካው ማንኪያ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ከዱቄቱ ይልቅ ስለ ፈሳሹና ስለ ማንኪያው ብዙ ባወራ አትገረሙ።

«ትንሽ ግሉተን» ስንት ነው?

ግሉተን ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ሲበላው የሰውነቱ መከላከያ ተነስቶ የገዛ ትንሹን አንጀት ያጠቃል። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይህ ችግር አለበት። መፍትሔው ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት ነው።

በአሜሪካም በአውሮፓም አንድ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በ1 ኪሎ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ይህን ወደ ወጥ ቤት እናምጣው። አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት 2.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ወደ 200 ሚሊ ግራም የሚጠጋው ግሉተን ነው። ይህች አንዲት የሻይ ማንኪያ 1 ሊትር ግሬቪ ውስጥ ብትገባ ከገደቡ አሥር እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ማፍላት ደግሞ አያጠፋውም። ግሉተን ጀርም አይደለም፤ በእሳት አይሞትም።

ለዚህ ነው ሁለት ዓይነት ግሬቪ አትሥሩ የምለው። «ይሄ የሁላችን፣ ያ የእሷ» የሚባል ነገር በበዓል ግርግር አያዋጣም። አንዱ ሰው ሳያስበው ጭልፋውን ቀይሮ ይነክረዋል፣ አለቀ። አንድ ድስት ብቻ ሥሩ፤ ሁሉም ከእሱ ይብላ። በደንብ ከተሠራ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም።

ገዝታችሁ ከሆነ

መግዛት ነውር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር የቆመ ሰው ከካርቶን ቢቀዳ ማን ይፈርድበታል? ግን ማሸጊያውን አንብቡ፤ ባለፈው ዓመት የገዛችሁትም ቢሆን ዘንድሮ እንደገና አንብቡ። አምራቾች ቅመማቸውን ይቀይራሉ። አንዳንዱ ድርጅት ደግሞ ግሉተን ያለውንና የሌለውን ግሬቪ በአንድ ዓይነት ቀለም ያሽገዋል፤ በጥድፊያ ሲያነሱት ማሳሳቱ አይቀርም።

የምትፈልጉት «ከግሉተን ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ ነው። «ስንዴ የለውም» የሚለው አይበቃም፤ ገብስ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አብዛኛው የታሸገ ምግብ ስንዴ ካለው በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ገብስና ራይ ግን በዚያ ሕግ አልተካተቱም። አውሮፓ ውስጥ ሦስቱም በግብዓት ዝርዝሩ ላይ ጎላ ብለው እንዲጻፉ ግዴታ ነው። ስለዚህ ምርቱ ለየትኛው አገር ገበያ እንደታሸገ ማየት ይጠቅማል።

ዝርዝሩ ውስጥ ብቅል፣ የብቅል ኮምጣጤ፣ ሴሞሊና ወይም ስፔልት (ሁለቱም የስንዴ ዘር ናቸው) ካያችሁ መልሱት። ተራ ሶያ ሶስም አብዛኛውን ጊዜ ስንዴ አለው። በስማቸው ብቻ የሚያስፈሩም አሉ። ማልቶዴክስትሪን የሚባለው ከስታርች የሚሠራ ዱቄት ስሙ ብቅል ብቅል ቢልም (ብቅል በእንግሊዝኛ «ማልት» ይባላል) ከብቅል ጋር አይገናኝም፤ አያሰጋም። ግሉቲነስ ራይስ የሚባለው ሩዝም እንደዚያው ነው። ስሙ የተሰጠው ሲበስል ስለሚጣበቅ ነው እንጂ ግሉተን የለውም።

የተገዛ ግሬቪ ብቻውን ጨውና ውፍረት ብቻ ይሆናል። አሞቁትና ከራሳችሁ ትሪ ላይ ጥቂት ማንኪያ ጭማቂ፣ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ቅቤ ጨምሩበት። ይነሳል።

በምን እናወፍረው?

እኔ የለመድኩት የበቆሎ ስታርች ነው። ነጭ፣ ልም ያለ፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት ሲጢጥ የሚል ዱቄት። ስሙ ግን ያምታታል። ብሪታንያ ውስጥ ኮርንፍላወር ይሉታል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ኮርን ፍላወር ማለት ዝም ብሎ የተፈጨ በቆሎ ነው፤ እሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የማወፈር ጉልበቱ የስንዴ ዱቄት እጥፍ ገደማ ነው። ለ1 ኩባያ ፈሳሽ (240 ሚሊ ሊትር) 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ የስንዴ ዱቄት ቢሆን 2 ይፈልግ ነበር። ጉድለቱ ፍሪዘር አይወድም፦ ቀዝቅዞ ሲቀልጥ ውሃ ይለቃል።

የሩዝ ዱቄት ሁለተኛው ምርጫዬ ነው። በስታርች የወፈረ ግሬቪ ያብረቀርቃል፤ በሩዝ ዱቄት የወፈረው ግን ድፍን ያለ፣ ሰው የለመደው ዓይነት መልክ አለው። ልም ተደርጎ የተፈጨውን ፈልጉ፤ ሸካራው ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከሚጣበቀው ሩዝ የተፈጨው ደግሞ ፍሪዘርን ስለሚችል ቀድሞ ለሚሠራ ሰው ይመቻል።

የድንች ስታርች ቶሎ ያወፍራል፤ ብዙ ከፈላ ግን ተመልሶ ይቀጥናል። ከድንች ዱቄት ጋር እንዳታምታቱት፣ እሱ ከነድንቹ የተፈጨ ነው። ታፒዮካ (የካሳቫ ስታርች) ከበዛ እንደ ሙጫ ይሳባል። አሮውሩት የሚባለው ከተክል ሥር የሚወጣ ስታርችም ጥሩ ነው፤ ወተት ወይም ክሬም ሲነካው ግን ይዝለገለጋል። ዛንታን ጋም የሚባለውን ማወፈሪያ ዱቄት ከሩብ የሻይ ማንኪያ በላይ ለ1 ኩባያ አትጨምሩ። እውነቱን ለመናገር እኔ ጨርሶ አልወደውም።

የትኛውንም ብትመርጡ በማሸጊያው ላይ «ከግሉተን ነፃ» መባሉን እዩ። የስንዴ ዱቄት በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ የሩዝ ዱቄት ከስንዴው ሊቀላቀል ይችላል። በክፍት ከረጢት ተጨልፎ የሚሸጠውንም ተዉት፤ ጭልፋው ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

አሠራሩ

ልኩ ለ1 ሊትር ነው። ለአንድ ሰው ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ ከ8 እስከ 10 ሰው ያደርሳል።

*አንደኛ፦ ስጋውን ከመግዛት ጀምሩ።* ተርኪም ይሁን ዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ፣ ቀድሞ የተቀመመ ወይም ፈሳሽ የተወጋ ከሆነ የግብዓት ዝርዝሩን አንብቡ። አንዳንዱ ወፍ ሆዱ ውስጥ የግሬቪ ዱቄት ከረጢት ተጨምሮለት ይሸጣል፤ እሱን ሳትከፍቱ አውጥታችሁ ጣሉ። ሆዱን በዳቦ አትሙሉ። ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ይበቃዋል፤ ሽታውም ይበልጣል። ዳቦ ያለበትን ነገር የሚወድ ካለ ለብቻው በሌላ ዕቃ ይጋገርለት።

*ሁለተኛ፦ መረቁን ከአንድ ቀን በፊት አዘጋጁ።* የታሸገ መረቅና ኩብ ብዙ ጊዜ ግሉተን የሚደበቅባቸው ናቸው። ራሳችሁ ከሠራችሁት ግን ምንም ማንበብ የለባችሁም። አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን ክንፍና አንገት በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ጥበሱ፤ በደንብ ይቅላ። ከተከተፈ ሽንኩርትና ካሮት ጋር በ2 ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይንተክተክ። ገንፍሎ አይፍላ፤ ይደፈርሳል። አጥልሉትና ፍሪጅ ይደር። ጠዋት ስታዩት ስቡ ከላይ ረግቶ፣ ሥሩ ያለው መረቅ እንደ ጄሊ ሲንቀጠቀጥ ታገኙታላችሁ። መንቀጥቀጡ የጥሩ መረቅ ምልክት ነው። ስቡን ግፈፉት፤ ግን አትጣሉት።

ስጋ የማይበላ ካለ ግማሽ ኪሎ እንጉዳይ ልም አድርጋችሁ ክተፉና ውሃውን ጨርሶ ድስቱ ላይ እስኪይዝ አቁላሉት። ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ከዚያ ውሃ። ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚወጣው መረቅ ስጋ የለውም ብሎ የሚያምን አይገኝም። ከግሉተን ነፃ የሆነ ሶያ ሶስ ጠብ ብታደርጉበት ደግሞ ጥልቀት ይሰጠዋል።

*ሦስተኛ፦ ከትሪው ላይ ያለውን ወርቅ አንሱ።* ስጋው ሲወጣና ሲያርፍ ትሪው ላይ የቀረውን ፈሳሽ በሙሉ ረዘም ባለ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡት። 10 ደቂቃ ተዉት። ስቡ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጥቁር ቡናማው ጭማቂ ሥር ይቀራል። ከስቡ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ አስቀሩና ሌላውን ቅዱት።

ትሪውን አትጠቡት! ሥሩ ላይ የተጣበቀው ቡናማ ነገር የግሬቪው ጣዕም ነው። 1 ኩባያ ትኩስ መረቅ አፍስሱበትና በዝግታ እሳት ላይ አድርጋችሁ ፋቁት። ሲርስ ራሱ ይለቃል። ትሪው የመስታወት ከሆነ ግን እሳት ላይ አታስቀምጡት፤ ሊፈነዳ ይችላል። ሙቅ መረቁን አፍስሳችሁ እዚያው ፋቁት። ቡናማ ሳይሆን ጥቁር ከሆነ ተቃጥሏል፤ ተዉት፣ ድስቱን ሁሉ ያመርረዋል።

*አራተኛ፦ ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ አገናኙ።* የትሪው ፍቅፋቂ፣ ጭማቂው፣ ያስቀራችሁት ስብ፣ ከዚያ 1 ሊትር እስኪሞላ መረቅ። እዚህ ላይ ቅመሱት እንጂ ጨው አትጨምሩ። ጨው ውስጥ ያደረ ወፍ ጭማቂው ብቻውን ጨው ሊሆን ይችላል። ጣዕሙ ውሃ ውሃ ካለ አሁኑኑ ከፍተኛ እሳት ላይ አፍልታችሁ አሳንሱት። ከወፈረ በኋላ ማሳነስ አይመችም።

*አምስተኛ፦ በጥብጡና አውፍሩት።* 4 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ቀዝቃዛ ይሁን። ደረቅ ስታርች ትኩስ ነገር ውስጥ ሲገባ የእያንዳንዱ ጓጓላ ውጪ ወዲያው በስሎ ይዘጋል፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ብትመቱት ብትመቱት አይፈታም። በቀዝቃዛ ውሃ ከተበጠበጠ ግን ተበታትኖ ነው የሚገባው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብጥብጡን አስቀምጣችሁ ዞር ካላችሁ ስታርቹ እንደ ኖራ ሥር ይቀመጣል። ልታፈሱት ስትሉ እንደገና አማስሉት። ግሬቪው እየፈላ ሳለ ከብጥብጡ ሁለት ሦስተኛውን በቀጭኑ አፍስሱ፤ ሌላው እጃችሁ ማማሰሉን አያቁም። መጀመሪያ ነጣ ብሎ ይደፈርሳል፤ ከዚያ ትንንሾቹ አረፋዎች ይከብዱና ቀስ ብለው «ቡፍ፣ ቡፍ» ማለት ይጀምራሉ። 1 ደቂቃ ይፍላ። ካልፈላ የጥሬ ስታርች ጣዕም ይቀራል። ማንኪያ ነክራችሁ ጀርባውን በጣት ስትሰነጥቁት መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል። ካልሆነ የቀረውን ብጥብጥ ጨምሩ። ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን ባለበት አቁሙ።

የሩዝ ዱቄት ከሆነ አካሄዱ ይለያል። 6 የሾርባ ማንኪያ ስብ (ከትሪው ያስቀራችሁት ካልበቃ ከመረቁ የገፈፋችሁትን ጨምሩበት) አሙቁ፤ 7 ወይም 8 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ዱቄት ጨምራችሁ ለውዝ ለውዝ እስኪሸት 3 ደቂቃ ያህል አቁላሉት። ትኩስ መረቁን በጭልፋ በጭልፋ እያማሰላችሁ አስገቡና 10 ደቂቃ ይንተክተክ። በጣም አታጥቁሩት፤ ዱቄት በጠቆረ ቁጥር የማወፈር ጉልበቱ ይቀንሳል።

*ስድስተኛ፦ መጨረሻ ላይ* ቁንዶ በርበሬ፣ ካስፈለገ ጨው፣ አንድ ጉብታ ቅቤ፣ ጥቂት ጠብታ ሎሚ። ሎሚው ከእሳት ሲወርድ ይሁን፤ አሲድ ከስታርች ጋር ብዙ ከፈላ ያቀጥነዋል።

ሲበላሽ

ጓጎለ? በማጥለያ አሳልፉት። ማጥለያው ግን ዱቄት የተነፋበት ወይም ፓስታ የተጠለለበት አይሁን፤ ከወንፊት ቀዳዳ ዱቄት ማስለቀቅ ዘበት ነው። የእንጨት ማንኪያም እንደዚያው፣ ስንጥቁ ይይዛል። ለዚህ ሥራ ብረት ተጠቀሙ።

ጨው ከበዛ ጨው የሌለው መረቅ አስረዝሙበትና እንደገና አወፍሩት። ድንች ጣል ማድረግ የሚለው ምክር እኔ ቤት ሠርቶ አያውቅም። ስቡ ከላይ ከተንሳፈፈ ከእሳት አውርዳችሁ በጭልፋ ጀርባ ቅዱት።

በደንብ ወፍሮ የነበረው ሰዓት ቆይቶ ከቀጠነ ማን እየቀመሰ ማንኪያውን መልሶ እንደነከረ ጠይቁ። ቀልድ አይደለም። ምራቅ ውስጥ ስታርች የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፤ ለብ ባለ ግሬቪ ውስጥ ሥራውን ይሠራል። ለመቅመስ ሁልጊዜ ንጹሕ ማንኪያ አንሱ። ሌላው ሰው ዳቦ የነካ ማንኪያ እንዳይነክርም በዚሁ ትከላከላላችሁ።

ገበታ ላይ

ኬክና ዳቦ የሚጋገር ከሆነ ግሬቪውን ከዚያ በፊት ሠርታችሁ ክደኑት። ዱቄት ሲነፋ አየር ላይ ይንሳፈፍና ቀስ ብሎ ያገኘው ነገር ላይ ያርፋል። ገበታው ላይ ለግሬቪው የራሱ ጭልፋ ይኑረው፤ ዳቦ በቀጥታ እንዳይጠቀስበት ቀድማችሁ ተናገሩ። የልጆቹን እጅ ማን ይቆጣጠራል ካላችሁ፣ ሴሊያክ ላለባት ሰው በትንሽ ዕቃ ቀድማችሁ ቀንሱላት፤ ወይም እሷ መጀመሪያ ትቅዳ። የተጠቀማችሁባቸውን ማሸጊያዎችም እስክትመጣ አትጣሉ። እኔ ጠረጴዛ ጥግ ደርድሬ አቆያለሁ። ዘመዴ ትመጣለች፣ አንድ በአንድ ታነባለች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ትቀመጣለች።

የተረፈውን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት። ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። በማግስቱ ስትከፍቱት በማንኪያ የሚቆረጥ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ። ጥቂት መረቅ ጨምራችሁ በዝግታ እያማሰላችሁ እስኪፈላ አሙቁት፤ ይፈታል።